ሙሴ ብቻውን እንዳይደክም



በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ አሥራ ስምንት የተጻፈውን ታሪክ ብዙዎቻችን ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን። ሙሴ በሕዝቡ መካከል ሊፈርድ ተቀምጧል፤ ሕዝቡም ከጥዋት እስከ ማታ በፊቱ ቆሞ ተራውን ይጠብቃል። አማቱ ዮቶር ይህን አየ። ዮቶር የምድያም ካህን እንጂ ከእስራኤል ወገን አልነበረም፤ ለጥየቃ የመጣ እንግዳ ነበር። ሆኖም የቤቱ ሰዎች ለምደውት ያላስተዋሉትን ነገር እንግዳው አስተዋለና አሠራሩ መልካም እንዳልሆነ፣ በዚህ ዓይነት ሙሴም ሕዝቡም አብረው እንደሚዝሉ ነገረው።

ዮቶር ሙሴን ሥራህን ተው አላለውም። ይልቁንም ሦስት ነገር መከረው። አንደኛ፣ ሕጉንና የሚሄዱበትን መንገድ ለሕዝቡ እንዲያስተምር፤ ሁለተኛ፣ ከሕዝቡ መካከል ችሎታ ያላቸውን፣ እግዚአብሔርን የሚፈሩትን፣ የታመኑትንና ጉቦን የሚጠሉትን እንዲመርጥ፤ ሦስተኛ፣ ከባዱን ነገር ለራሱ አስቀርቶ ቀላሉን ለእነርሱ እንዲተው። ሙሴም ምክሩን ሰማ፤ የሺህ፣ የመቶ፣ የሃምሳና የአሥር አለቆችን ሾመ (ዘጸ. 18፣13-27)።

በቋንቋችን እነዚህ ስሞች ወደ ጦር ሠራዊት ገብተው ሻለቃ፣ መቶ አለቃ፣ ሃምሳ አለቃ፣ አሥር አለቃ ተብለው ቀርተዋል። ስንሰማቸው ወደ ሐሳባችን የሚመጣው ማዕረግና ትእዛዝ ነው። በዮቶር ምክር ግን የአሥር አለቃ ማለት በቅርቡ ያሉትን ጥቂት ሰዎች ነገር ሰምቶ የሚያስማማ፣ ከአቅሙ በላይ የሆነውን ደግሞ ወደ ላይ የሚያደርስ ሰው ማለት ነበር። አባቶቻችንና እናቶቻችን ይህን ሳያስተውሉ አልቀሩም። ጽዋው በተራ ከቤት ወደ ቤት በሚዞርበት ማኅበር ውስጥ ተራ የሚያስጠብቀውን፣ የተጣላ የሚያስታርቀውንና ሥርዓት የሚያስከብረውን ሰው «ሙሴ» እያሉ ይጠሩታል። ታላቁን የነቢይ ስም የሰጡት ለባለ ሥልጣን ሳይሆን ለማኅበር አገልጋይ ነው።

በዚህ እትም ከእናንተ ጋር ልንነጋገርበት የወደድነው ጉዳይ ይህ ነው። በየሰፈራችን፣ በየሕንፃችንና በየዕድራችን የሚያስፈልጉን ሙሴዎችና የአሥር አለቆች ከወዴት ይመጣሉ? የሚያስተምራቸውስ ማን ነው?

የሰፈራችን ነገር

ቦሌ ቡልቡላ ከቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ በስተ ደቡብ የሚገኝ፣ ከአንድ ትውልድ በፊት በአብዛኛው የእርሻና የግጦሽ መሬት የነበረ አካባቢ ነው። ዛሬ በመኖሪያ ቤት ማኅበራት የተሠሩ ቪላዎች፣ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች፣ ሱቆችና የኪራይ ክፍሎች ሞልተውበታል። በዚህ መሬት ላይ ሲያርሱ የነበሩ የኦሮሞ ገበሬዎች ልጆች፣ በዕጣ የጋራ መኖሪያ ቤት የደረሳቸው ቤተሰቦች፣ ቆጥበው በማኅበር ቤት የሠሩ ሠራተኞች፣ እንዲሁም ከየክፍለ ሀገሩ እንጀራ ፍለጋ የመጡ ተከራዮች ጎን ለጎን ይኖሩበታል።

እንደ ጉለሌና እንደ አራት ኪሎ ባሉት የቆዩ ሰፈሮች ሰው ሲወለድ ዕድሩ ቀድሞት ይጠብቀዋል። እንደ እኛ ባለው አዲስ ሰፈር ግን ሰው ቀድሞ ይገባል፤ ዕድሩም ጉርብትናውም ከዚያ በኋላ ተለፍቶበት ይገነባል። ነባሮቹ ገበሬዎች የራሳቸው መረዳጃና የሽምግልና ሥርዓት ነበራቸው፤ መሬቱ ተሸንሽኖ ለቤት መሥሪያ ሲውል ግን የብዙዎቹ ጉርብትና አብሮ ተበትኗል። አዲስ የመጣነውም በአንድ ደረጃ እየወጣንና እየወረድን ስም ለስም ሳንተዋወቅ ዓመታት የምናሳልፍ ብዙዎች ነን። ሆኖም ውኃው የጋራ ነው፤ ደረጃው የጋራ ነው፤ ቆሻሻው፣ የጥበቃው ደመወዝ፣ የሐዘን ድንኳኑ ሁሉ የጋራ ነው። እነዚህን ነገሮች አንድ ሰው ካልሰበሰባቸው ማንም አይሰበስባቸውም።

ሕጉ ለዚህ መንገድ አበጅቷል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 የጋራ ሕንፃ ባለቤቶች ማኅበር እንዲያቋቁሙ፣ ጠቅላላ ጉባኤና የሥራ አመራር ቦርድ እንዲኖራቸው፣ የጋራ የሆነውን ንብረት በመተዳደሪያ ደንብ እንዲያስተዳድሩ ደንግጓል። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን አዋጅ ሰብሳቢን አያሠለጥንም፤ ጸሐፊንም አይወልድም።

ያየነውን እንንገራችሁ። ባለፈው ዓመት ሰኔ ላይ ከምንኖርባቸው ሕንፃዎች በአንዱ ስብሰባ ተጠርቶ ነበር። ውኃ ወደ ላይ ፎቅ የሚገፋው ፓምፕ ተበላሽቷል፤ የጥበቃው ደመወዝ የሁለት ወር ውዝፍ ነበረበት። ከሠላሳ ከሚበልጠው አባወራ የመጣው አሥራ አንድ ሰው ብቻ ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ ሰብሳቢም፣ ጸሐፊም፣ ገንዘብ ያዥም ሆነው ያገለገሉት ጡረተኛ አባት ደብተራቸውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩና፣ «ልጆቼ፣ ጉልበቴም ዐይኔም ደክሟል፤ እባካችሁ ተረከቡኝ» አሉ።

የመለሰላቸው አልነበረም። አንዱ ሥራ ይበዛብኛል አለ፤ ሌላው እኔ ተከራይ ነኝ፣ አይመለከተኝም አለ፤ ሦስተኛው ጎረቤቱን ጠቆመ፤ ጎረቤቱም መልሶ እርሱን ጠቆመ። በዚያ ስብሰባ ላይ እኛም ነበርን። እሑድ እሑድ በቤተክርስቲያን መልእክት የምናነብ፣ ሕፃናትን የምናስተምር ሰዎች አንገታችንን ደፍተን መሬት መሬት እናይ ነበር። በመጨረሻ አዛውንቱ ምንም ሳይናገሩ ደብተራቸውን በብብታቸው ይዘው ደረጃውን ወጡ።

ፓምፑም ሳይሠራ ሁለት ወር ቆየ። በእነዚያ ሁለት ወራት የዝምታችንን ዋጋ የከፈለው ማን ነበር? ሠራተኛ መቅጠር የሚችለው በገንዘቡ አስቀዳ። ከአራተኛው ፎቅ የምትኖረው፣ ሦስት ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድገው እናት ግን በየማለዳው ጀሪካን ተሸክማ ደረጃውን ትወጣ ነበር። ያን ደረጃ ስትወጣ ድምፅዋን እየሰማን ወደ ቅዳሴ ሄደናል። ይህን የምንጽፈው ሌላውን ለመውቀስ አይደለም፤ ኑዛዜያችን ነው።

የዛፎቹ ምሳሌ

በመጽሐፈ መሳፍንት ኢዮአታም ለሴኬም ሰዎች የተናገረው አንድ ምሳሌ አለ። ዛፎች ንጉሥ ሊያነግሡ ወጡ። ወይራን ለመኑት፤ ዘይቴን ትቼ እንዴት እመጣለሁ ብሎ እምቢ አለ። በለስን ለመኑት፤ እርሱም ስለ ጣፋጭ ፍሬው ብሎ እምቢ አለ። ወይንም ስለ መጠጡ ብሎ እንዲሁ መለሰ። በመጨረሻ እሾህን ጠየቁት። እሾህ ፍሬም ጥላም የለውም፤ ነገር ግን እርሱ ወዲያው እሺ አለ፤ ኑና በጥላዬ ሥር ተጠለሉ፣ አለዚያ ከእኔ እሳት ይወጣል ሲል አስፈራራ (መሳ. 9፣7-15)።

ይህን ምሳሌ ስናነብ ብዙ ጊዜ የምንፈርደው በእሾህ ላይ ነው። ግን ወይራ፣ በለስና ወይን የቤታቸውን ፍሬ ብቻ ባያስቡ ኖሮ እሾህ ማንም ባልጠየቀው ነበር። ስለ መጥፎ አስተዳዳሪ ስናማ መልካሞቹ የት ነበሩ ብለን መጠየቅ ይገባናል። መልካሞቹ እምቢ ያሉባቸውንም ምክንያቶች በቅንነት እንመርምር።

የመጀመሪያው ምክንያት ኑሮ ነው። ከጥዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ታክሲ ተሰልፎ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ቤቱ የሚገባ ሰው ደክሞኛል ቢል ውሸት አይደለም። የዚህ መድኃኒቱ ግን ሥራውን ማከፋፈል ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው ይባል የለም? ሙሴን ያደከመው ሁሉንም ብቻውን መያዙ ነበር። እነዚያ አባትም ሦስት ሹመት በአንድ ትከሻ ተሸክመው ነበር።

ሁለተኛው ምክንያት ፍርሃት ነው፤ ይህም ታሪክ አለው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ሲወጣ የከተማ ነዋሪዎች በየቀበሌያቸው እንዲደራጁና መሪዎቻቸውን ራሳቸው እንዲመርጡ ደንግጎ ነበር። ሐሳቡን ተስፋ ያደረጉበት ብዙዎች ነበሩ። ብዙም ሳይቆይ ግን በ1969 እና በ1970 ዓ.ም.፣ በቀይ ሽብር ጊዜ፣ በብዙ ቦታ ያ ጽሕፈት ቤት ጎረቤት ጎረቤቱን የሚጠቁምበት፣ የሰፈር ልጆች የሚታሰሩበት ቤት ሆነ። ከዚያ ወዲህ ኮሚቴ የሚል ቃል ሲሰሙ የሚደነግጡ፣ ልጆቻቸውንም «አርፈህ ተቀመጥ» እያሉ ያሳደጉ እናቶች አሉ። በእነዚህ እናቶች አንፈርድም። ነገር ግን ያ መከራ የሚያስተምረን መሸሽን ነው ወይስ መቆጣጠርን? ስብሰባው ግልጽ ከሆነ፣ ሂሳቡ ለሁሉ ከተነበበ፣ የሹመቱም ዘመን የተወሰነ ከሆነ ሥልጣን በጎረቤት ላይ ዱላ ለመሆን ይቸግረዋል።

ሦስተኛው ምክንያት ሐሜት ነው። የሰው ገንዘብ የያዘ ሁሉ ሌባ ይባላል፤ ስሜን አላስጠፋም የሚሉ አሉ። ሐዋርያው ጳውሎስ ይህን ችግር ያውቀው ነበር። ለኢየሩሳሌም ድሆች የተሰበሰበውን መዋጮ ሲያደርስ ብቻውን አልተሸከመም፤ ማኅበረ ምእመናን የመረጡት ሌላ ሰው አብሮት እንዲሄድ አደረገ፤ በእግዚአብሔር ፊት ብቻ ሳይሆን በሰውም ፊት ነቀፋ እንዳያገኘው ተጠነቀቀ (2ቆሮ. 8፣18-21)። ሐዋርያ ሆኖ ሳለ እመኑኝ ብሎ አልተወውም። እንግዲህ ደረሰኝ መቁረጥና ሁለት ፊርማ መጠየቅ እንደ አለመተማመን የሚቆጠር ነገር አይደለም፤ የአገልጋዩን ስም የሚጠብቅ አጥር ነው።

አራተኛውና ለእኛ ለክርስቲያኖች የሚያሳፍረው ምክንያት፣ ይህ ዓለማዊ ነገር ነው፣ እኛ የነፍሳችንን እንያዝ የሚለው ነው። ጌታችን በመጨረሻዋ ሌሊት ወገቡን ታጥቆ በመታጠቢያ ዕቃ ውኃ ሞልቶ የደቀ መዛሙርቱን እግር ሲያጥብ (ዮሐ. 13) ከዚህ የበለጠ የነፍስ ሥራ የለኝም አላለም። ውኃ ማድረስም፣ እግር ማጠብም መንፈሳዊ ሥራ እንደ ሆነ በእጁ አሳየን።

የቤተክርስቲያን ትምህርት

ቤተክርስቲያንም በዚህ ጉዳይ ዝም አላለችም። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ እ.ኤ.አ. በ1931 በጻፉት መልእክት፣ ታናሹ ማኅበር ራሱ ሊሠራው የሚችለውን ሥራ ታላቁ አካል ቢነጥቀው በደል መሆኑን አስተምረዋል። ታላቁ ታናሹን መርዳት አለበት፤ ሊተካው ግን አይገባም። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1965 ባጸደቃቸው ሰነዶች ምእመናን በሕዝብ ጉዳይ መሳተፍ መብታቸውም ግዴታቸውም መሆኑን፣ ለዚህም ሕዝቡ፣ በተለይም ወጣቱ፣ ትምህርት ሊያገኝ እንደሚገባ አመልክቷል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1988 ስለ ምእመናን ጥሪና ተልእኮ በጻፉት መልእክት፣ በሕዝብ አስተዳደር ውስጥ ጉቦና የሥልጣን ጥማት አለ መባሉ ክርስቲያን ከዚያ እንዲሸሽ ምክንያት እንደማይሆነው በግልጽ ተናግረዋል።

የአገራችን ሕገ መንግሥትም በ1987 ዓ.ም. ሲወጣ፣ በአንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 4፣ ሕዝቡ በቀጥታ ይሳተፍ ዘንድ ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ይላል። ሥልጣን ወደ ታች ቢወርድ እንኳ ከታች የሚቀበለው የሠለጠነ እጅ ከሌለ መሬት ላይ ይወድቃል። የእኛ ድርሻ ይህን እጅ ማዘጋጀት ነው።

ስለ ተዘነጉት

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ ስድስት በመጀመሪያይቱ ቤተክርስቲያን የተነሣውን ቅሬታ እናነባለን። ግሪክኛ የሚናገሩት ምእመናን፣ በዕለት ዕለቱ እደላ መበለቶቻችን ተዘነጉብን ብለው አጉረመረሙ። ማንም ሆን ብሎ የከለከላቸው አይመስልም፤ ቋንቋቸው ከሚያድሉት ሰዎች ቋንቋ ስለ ተለየ ሳይታዩ ቀሩ። ሐዋርያት ቅሬታውን አላፈኑትም፤ አጉረምራሚ ብለውም አልገሠጹም። ሕዝቡን ሰብስበው፣ በመልካም የተመሰከረላቸውን ሰባት ሰዎች እናንተው ምረጡ አሉ። የተመረጡትም እስጢፋኖስ፣ ፊልጶስ፣ ጵሮኮሮስ፣ ኒቃሮና፣ ጢሞና፣ ጳርሜናና ኒቆላዎስ ነበሩ። የሰባቱም ስም የግሪክ ስም ነው። እንግዲህ ጉባኤው ማዕዱን በአደራ የሰጠው ተበደልን ካሉት ወገን ለሆኑት ነበር ማለት ይቻላል።

ይህን ወደ ቡልቡላ እናምጣው። የሕንፃው ማኅበር በሕግ የባለቤቶች ማኅበር ነው፤ በብዙ ሕንፃዎች ደረጃውን በየቀኑ የሚወጣው፣ ቆሻሻውን የሚያወጣው፣ ውኃ ሲጠፋ የሚጠማው ግን ተከራዩ ነው። ድምፅ ባይሰጥ እንኳ እንዳይናገር የከለከለው ማን ነው? አማርኛው የማይቀናቸው፣ በኦሮምኛ ቢጠየቁ ግን ስለ መሬቱ፣ ስለ ጎርፉ መውረጃ፣ ስለ ቀድሞው ጉርብትና ከማንኛችንም የበለጠ የሚያውቁ ነባር እናቶችና አባቶች በስብሰባችን የኋላ ወንበር ላይ ዝም ብለው ተቀምጠው ይሄዳሉ። ቤቷ ድንኳን ሲተከል ዕቃውን የምታጥበው፣ ወጡን የምትሠራው ሴት የዕድሩ ሰብሳቢ ልትሆን ትችላለች ብለን ስንቶቻችን አስበናል? የአካባቢ መሪ ፍለጋ ስንወጣ መጀመሪያ ልናይ የሚገባን የተዘነጉት ወዳሉበት ነው።

ሙያው በተግባር ይለመዳል

መሪነት አብሮ የሚወለድ ስጦታ ነው፣ እኔ አልተሰጠኝም የሚል አነጋገር እንሰማለን። ስጦታ ያላቸው እንዳሉ አንክድም። ነገር ግን ስብሰባን በሰዓቱ ጀምሮ በሰዓቱ መጨረስ፣ ዝም ያለውን ማናገር፣ ብዙ የሚናገረውን በአክብሮት ማሳጠር፣ የተወሰነውን በቃለ ጉባኤ ማስፈር፣ ገቢና ወጪን ለይቶ መጻፍ፣ ለወረዳ ጽሕፈት ቤት ማመልከቻ አዘጋጅቶ መልሱን መከታተል፣ የተጣሉትን ለየብቻ ሰምቶ በኋላ በአንድ ላይ ማነጋገር፣ ዘመኑም ሲያልቅ ደብተርና ማኅተም ቆጥሮ ማስረከብ፣ እነዚህ ሁሉ እንደ ልብስ ስፌት የሚለመዱ ሙያዎች ናቸው።

ሕዝባችን ለዚህ ትምህርት ቤት አላጣም፤ ዕድር አለው። ዕድር በ20ኛው ምእት ዓመት በከተሞቻችን የተስፋፋ፣ ኦርቶዶክሱን፣ እስላሙን፣ ካቶሊኩንና ፕሮቴስታንቱን በአንድ ድንኳን ሥር የሚያስቀምጥ ማኅበር ነው። የተጻፈ ደንብ፣ የወር መዋጮ፣ የቀረ የሚቀጣበት ሕግ፣ ሰብሳቢ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ፣ ዕቃ ያዥና ሂሳብ መርማሪ አለው። ትምህርት ቤት ያልገቡ ብዙ ሰዎች የሕዝብ ገንዘብ መጠበቅን የተማሩት በዚያ ነው። የኤድስ በሽታ በ1990ዎቹ ዓ.ም. በየቤቱ ሞት ሲያበዛ የዕድር ሣጥኖች ባዶ እስከ መሆን ደረሱ፤ ያን ጊዜ በአዲስ አበባ አንዳንድ ዕድሮች ሰው ከሞተ በኋላ ከመቅበር አልፈን በሕይወት ሳለ እንርዳው ብለው የታመመ ወደ መጠየቅና ወላጅ ያጡ ልጆችን ወደ መርዳት ተሸጋገሩ። ይህን የወሰኑት በየወሩ ተሰብስቦ መወሰን የለመዱ ተራ ነዋሪዎች ናቸው።

በሩቅ አገርም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። በካናዳ፣ በኖቫ ስኮሺያ አገር፣ አባ ሙሴ ኮዲ የሚባሉ ካቶሊካዊ ካህን ነበሩ፤ ስማቸውም ሙሴ መሆኑ ደስ ያሰኛል። እ.ኤ.አ. በ1928 በአንቲጎኒሽ ከተማ በሚገኘው በቅዱስ ፍራንሲስ ዛቪየር ዩኒቨርሲቲ ለተራው ሕዝብ ትምህርት የሚያደርስ ክፍል ተቋቁሞ የመጀመሪያው ኃላፊ ሆኑ። ዓሣ አጥማጆች፣ የከሰል ማዕድን ሠራተኞችና ገበሬዎች በነጋዴ ዕዳ ተይዘው ይኖሩ ነበር። አባ ኮዲና ባልደረቦቻቸው ገንዘብ አላደሏቸውም። በየመንደሩ ጥቂት ጥቂት ሰዎች በአንድ ቤት ተሰብስበው ችግራቸውን እንዲያጠኑ፣ እንዲያነቡ፣ እንዲነጋገሩ አደረጉ። ከእነዚህ ትንንሽ የጥናት ማኅበራት የቁጠባና ብድር ማኅበራት፣ የኅብረት ሱቆች፣ የዓሣ ማቀነባበሪያዎች ወጡ። ባረፉበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1959፣ በስማቸው የተቋቋመው ተቋም ከአፍሪካ አገሮች ጭምር የሚመጡ የሕዝብ አገልጋዮችን ሲያስተምር ኖሯል። ሕዝቡ ገንዘብ ከማግኘቱ በፊት መሰብሰብን፣ መቁጠርንና መወሰንን መማሩ የሥራው መሠረት ነበር።

ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን

አሁን ቃላችን ወደ እናንተ ይመለሳል። በብዙ ቦታ ቁምስናውን የተሸከማችሁት እናንተ ናችሁ። ታስተምራላችሁ፤ ታስዘምራላችሁ፤ ቁልፍ ትይዛላችሁ፤ የታመመ ትጠይቃላችሁ። ይህን ስናመሰግን አንድ ጥያቄ አብረን እናቀርባለን፤ እናንተስ ብቻችሁን የተቀመጣችሁ ሙሴዎች አይደላችሁምን? በቁምስና ጉባኤዎቻችን ውስጥ አንድ ሰው አሥር ዓመት ገንዘብ ያዥ ሆኖ ሲቆይ ስለ ታማኝነቱ እናመሰግነዋለን እንጂ ሌላ ሰው አስተምረሃል ወይ ብለን አንጠይቀውም። በቤተክርስቲያን ውስጥ ያልተለማመድነውን በሕንፃው ግቢ ልናደርገው አንችልም። ስለዚህ በመጪዎቹ ሦስት ወራት የሚከተሉትን እንድትሞክሩ በፍቅር እናሳስባለን።

አንደኛ፣ ትንንሽ ኃላፊነቶችን አዙሩ። በሰፈር የጸሎት ስብሰባችሁ መሪው፣ አንባቢው፣ ቃለ ጉባኤ ያዡ በየወሩ ይለወጥ። የፈራውን ወጣት አጠገቡ ተቀምጣችሁ አስመሩት፤ ቢሳሳት በሕዝብ ፊት አታርሙት፤ ከስብሰባው በኋላ ለብቻው ንገሩት።

ሁለተኛ፣ ማየት፣ መመዘንና መሥራት የሚለውን ልማድ አስተምሩ። ይህን መንገድ ለወጣት ሠራተኞች ያስተማሩት ቤልጅጋዊው ካህን፣ በኋላም ብፁዕ ካርዲናል፣ ዮሴፍ ካርዳይን ናቸው፤ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ 23ኛም እ.ኤ.አ. በ1961 በጻፉት መልእክት ደግፈውታል። በመጀመሪያ አንድ የሰፈር ችግር ሄዳችሁ በዐይናችሁ እዩ፤ ቀጥሎ በወንጌል ብርሃን ማን እንደሚጎዳ መዝኑ፤ በመጨረሻም እስከ ሚቀጥለው ስብሰባ ሊጠናቀቅ የሚችል አንድ ሥራ ብቻ ወስኑ፤ ማን እንደሚሠራውም በስም ጻፉ።

ሦስተኛ፣ ሂሳብ ማንበብን አስለምዱ። የማኅበራችሁ ሣጥን መቶ ብር ብቻ ቢኖረው እንኳ ገንዘቡን የያዘው አንድ፣ የጻፈው ሌላ፣ የመረመረው ሦስተኛ ሰው ይሁን፤ በየሦስት ወሩም ለሁሉ ይነበብ።

አራተኛ፣ ከግድግዳችን ውጡ። እኛ በዚህ ሰፈር ጥቂቶች ነን። ለጥቂቶች ብቻ የሚሆን ዕድር ወይም ኮሚቴ እንድትፈጥሩ አንመክርም፤ ባለው ውስጥ ገብታችሁ ከኦርቶዶክሱ፣ ከእስላሙና ከፕሮቴስታንቱ ጎረቤታችሁ ጋር አገልግሉ። በዚያም ስትቀመጡ ለአንድ ወገን ወይም ለአንድ ፓርቲ መሣሪያ እንዳትሆኑ ተጠንቀቁ፤ የጎረቤት አደራ የሁሉ ጎረቤት አደራ ነው።

አምስተኛ፣ መውረድን ተማሩ። ዘመናችሁ ሲያልቅ የተካችሁን ሰው አመስግናችሁ በተራ ወንበር ተቀመጡ። ሙሴ ኢያሱን በሕዝቡ ሁሉ ፊት አቁሞ እጁን ጫነበት (ዘኍ. 27፣22-23)፤ የተረካቢውን ክብር በሕይወቱ ሳለ አጸናለት።

ስለ ደብተሩ

በመጨረሻ ስለ እነዚያ አባትና ስለ ደብተራቸው እንንገራችሁ። ከዚያ ስብሰባ በኋላ ኅሊናችን ዕረፍት ነሣን። በጸሎት ስብሰባችን የዮቶርን ታሪክ አንብበን፣ ከመካከላችን ሦስት ሰዎች ወደ አዛውንቱ ቤት ሄዱና ይቅርታ ጠየቁ። እርሳቸውም ቡና አስፈሉ፤ ደብተራቸውንም አውጥተው እያንዳንዱን ገጽ አስረዱ። የሰባት ዓመት ደረሰኝ በዓመት በዓመቱ በክር ታስሮ ተቀምጦ ነበር። ማንም ጠይቋቸው አያውቅም ነበር።

በመስከረም በተጠራው ስብሰባ የመጣው ሰው ሃያ ደረሰ። ተከራዮችም እንዲናገሩ ተጋበዙ፤ ያችም የአራተኛ ፎቅ እናት ለመጀመሪያ ጊዜ ተነሥታ ተናገረች። ቀደም ሲል በሴቶች ዕድር ገንዘብ ያዥ እንደ ነበረች ያወቅነው ያን ቀን ነው። ዛሬ ያ ደብተር በሦስት ሰዎች እጅ ነው፤ ገንዘቡን የያዘችው እርሷ ናት፤ ሰብሳቢው ሙስሊም ጎረቤታችን ነው፤ ከእኛም አንዱ ቃለ ጉባኤ ይጽፋል። ፓምፑ ተጠግኗል። የጥበቃው ውዝፍ ደመወዝ ገና በሙሉ አልተከፈለም፤ መዋጮ የማይከፍሉም አሉ፤ ባለፈው ስብሰባ ጠብ ተነሥቶ ያለ ውሳኔ ተበትነናል። ቢሆንም ሰባት ዓመት በአንድ ትከሻ ላይ የነበረው ሸክም ዛሬ ተከፋፍሏል፤ አዛውንቱም ከተራው ነዋሪ ጋር ተቀምጠው ያዳምጣሉ።

ዮቶር ሙሴን፣ ይህን ብታደርግ ሕዝቡ ሁሉ በሰላም ወደ ስፍራው ይደርሳል ሲል ተስፋ ሰጥቶት ነበር። እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፣ በሚቀጥለው ጊዜ በሕንፃችሁ ወይም በዕድራችሁ ስብሰባ ተጠርቶ፣ የደከመ ሰው ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ሲያኖር መሬት መሬት አትዩ። ሁሉንም እንድትሸከሙ ማንም አይጠይቃችሁም፤ የአሥር ሰው ድርሻ ይበቃል። የደቀ መዛሙርቱን እግር ያጠበ ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ የሚያገለግሉ እጆችንና የሚያዳምጡ ጆሮዎችን ያድለን። የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት ከሰፈራችንና ከአገራችን ጋር ይሁን። አሜን።